ጫማዬን ትቼ የወጣሁበት ቀን

ያሰሩን ቤት ከኛ በፊት የበርበሬ መጋዘን ነበረ። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ሲያስገባኝ ምንም ነገር ከማየቴ በፊት አስነጠስኩ። ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ከጨለማው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ዓይኔ ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን ሰብስቦ የተቀመጠ ብዙ ሰው አየሁ። ሁሉም ያየኛል፤ አንዱም አያስነጥስም።

«ይማርዎ፣ ኦቦ» አለኝ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ያኑርህ» አልኩና እንደገና አስነጠስኩ።

ድምፁ የካቦው ነበር። ካቦ የሚባለው እስረኛው ከመሃሉ የሚመርጠው አለቃ ነው። የኛው ካቦ የዝዋይ ሰው ነው፤ ባለሱቅ ነበር፤ ሰው ሲስቅ ማየት የሚወድ። «አይዞዎት፣ ሁላችንም እንዲሁ ነው የገባነው» አለኝ። «እዚህ ቤት የሚያስነጥስ ሰው እንግዳ ነው። ማስነጠስ ሲያቆሙ ያን ጊዜ ዜጋ ይሆናሉ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እዚያ ያመጣኝ ይኸው የዜግነት ወሬ መሆኑን ገና አልነገርኳቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከባድ መኪና ስነዳ ነው። አሰብ ክፍት በነበረ ጊዜ አሰብ፤ አሰብ ሲዘጋ ጅቡቲ፤ በኋላ ደግሞ በሞያሌ በኩል ኬንያ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ብዙውን የተማርኩት ከመንገድ ነው። ጡረታ ወጥቼ አዳማ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በዚያ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን፣ የሰፈሩ ሰው አዳራሽ ተጠራ። ስለ ጎረቤት አገሮች ነበር ስብሰባው። መድረኩ ላይ ያሉት ተናግረው ሲጨርሱ «ከሽማግሌዎች አንድ ሰው ሐሳብ ይስጥ» ተባለ። ጎረቤቶቼ እኔን ገፋ ገፋ አደረጉኝ። ተነሣሁ።

«እኔ የማውቀው መንገድ ነው» አልኩ። «አፋሩ ከኬላው ወዲህም አፋር ነው፣ ከኬላው ወዲያም አፋር ነው። የሞያሌ ቦረና ቁርሱን እዚህ በልቶ ምሳውን ኬንያ ይበላል። መንግሥታቱ ተስማምተው ለጎረቤት አገር ሰው አንድ መታወቂያ ቢሰጡት፣ የትም ወጥቶ ወርዶ ቢሠራ፣ ምን ይጎዳል? የአሰብም ሰው ይምጣ፣ የኛም ሰው ይሂድ። ሰው እንደ ጭነት ኬላ ላይ አይደር።»

ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡ። መድረኩ ላይ ያሉት አላጨበጨቡም። ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ልጆች ቤቴ መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ጠርገው ነው የገቡት። «አባባ፣ ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉ። ሚስቴ «ምሳውን ቀምሶ ይሂድ?» ብትላቸው፣ «ለምሳ ይመለሳል» አሏት።

መርማሪው ገና ወጣት ነው። አንተ ብሎኝ ጀመረና በጥያቄው መሃል ራሱ ወደ እርስዎ ዞረ። «አሰብ ማንን ያውቃሉ?» አለኝ።

«የማውቃቸው ሞተዋል፣ ልጄ። የቀሩት የመንገዱ ጉድጓዶች ናቸው፤ እነሱንም ሞልተዋቸው ይሆናል።»

አልሳቀም። «ድንበር ይፍረስ ነው የሚሉት?»

«ኬላው ይኑር። በሩ ይከፈት ነው ያልኩት። ቤትም እኮ በር አለው፤ ጎረቤት ግን አንኳኩቶ ይገባል።»

«ይህን ማን አስጠናዎት?»

«መንገዱ» አልኩት። ወደ በርበሬው ቤት መለሱኝ።

የቤቱ ሥርዓት፣ ስንቅ የሚመጣለት ሰው ስንቅ ከማይመጣለት ጋር እንዲበላ ነው። ይህን የሚደለድለው ካቦው ነው። እኔን በሩ አጠገብ ከተቀመጠ አንድ ቀጭን ሰው ጎን አስቀመጠኝ፤ አርባውን ያለፈ፣ ትከሻው ሸክም የለመደ። የሚያቀርብለት ዘመድ አልነበረውም። ሚስቴ የመጀመሪያውን ቀን ሥጋ ወጥ ነበር የላከችው። ሰውየው እንጀራውን ከዳር ከዳር ብቻ እየቆረሰ በላ። እስላም መሆኑ ገባኝ። እኔም ወጡን ሳልነካ ዳሩን በላሁና ሥጋው እንዳለ ምሳ ዕቃው ተመለሰ። ስንቅ የሚያቀብለው ዘበኛው ነው፤ ከቤተሰብ ጋር መተያየት የለም፤ መልእክትም አይወጣም። በማግስቱ ምሳ ዕቃውን ስከፍተው ሽሮና ምስር ነው። ከዚያ ወዲያ እስክወጣ ድረስ ሥጋ አልመጣም። ሚስቴ እንዲህ ናት።

«አገርህ የት ነው?» አልኩት ያን ቀን።

«መቂ። ሽንኩርት ተራ ጭነት አስጭናለሁ።»

«አያምኑት፣ ኦቦ ሾፌር» አለ ካቦው ከወዲያ። «ስሙ አሰብ ነው። መቂም እዚህም የሚጠራው በተወለደበት ነው።»

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። «አሰብ የት ጋ?»

«ወደቡ አጠገብ። ከጨው ማምረቻው ወዲህ።» አማርኛው ከኔ ይጠራል። «አባቴ ወደብ ላይ ጫኝ ነበር።»

«ታዲያ መኪናዬን ጭኖልኝ ያውቅ ይሆናላ! ጆንያ ሲወረውር ይዘፍን ነበር?»

«ሁሉም ይዘፍኑ ነበር፣ ጋሼ።» ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ታሪኩን እየቆራረሰ ነገረኝ። እናቱ የወሎ ሰው ናት። ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ እሱ ገና ተማሪ ነበር፤ እናቱ ይዛው ወጣች፣ አባቱ እዚያው ቀረ። በኋላ ሞቱን ሰሙ። እናትና ልጅ መቂ ገቡ፤ እሱ እዚያው አደገ፣ አገባ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ የት ተወለድክ ይሉታል። አሰብ ይላል። እንግዲያ እዚያ ጠይቅ ይሉታል። ይህ ሁሉ ዓመት እንዲሁ አለፈ፤ መቂ ላይ የሚጠይቀውም አልነበረ። ለቲማቲም መኪና ሊያፈላልግ አዳማ መጥቶ፣ መናኸሪያው ላይ ፍተሻ ገጠመውና ያዙት። ሚስቱ የት እንደገባ አታውቅም።

አንድ ጠዋት አዛዡ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «የውጭ አገር ዜጋ የሆነ በግራ በኩል ይውጣ» አለ። ጥቂት ሰዎች ወጡ። አሰብ ተነሥቶ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንተስ?» አለው አዛዡ።

«የተወለድኩት አሰብ ነው፣ ጌታዬ። ስወለድ ግን እዚሁ አገር ውስጥ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን አሰብ እዚያው አለ። እኔ መቂ ነኝ።»

አንዳንዱ ሊስቅ አለና ተወው። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥድፊያ ላይ ነበር። «እሑድ አውቶቡስ ይመጣል» አለው። «ወደ ድንበሩ ነው የሚወስዳችሁ። እስከዚያ የሚያውቁህ ሽማግሌዎች መጥተው የኛ ነው ካሉ ትቀራለህ። ካልመጡ ትሳፈራለህ።»

«ያለሁበትን አያውቁም እኮ፣ ጌታዬ። ስልኬን ወስዳችሁታል።»

አዛዡ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ተፈታ። አሰብ እጁን ይዞ የሽንኩርት ተራውን፣ የሚስቱን ስም፣ የቤቱን አቅጣጫ ነገረው። ሰውየው በእግዜር ስም ማለ። በማግስቱ ሌላ ተፈታ፤ እሱ ደግሞ በአላህ ማለ። ከመቂ የመጣ ሰው አልነበረም።

«አይፈረድባቸውም» አለኝ አሰብ። «በሩን ሲያልፉ አየሩ ንጹሕ ነው። እኛም እንደ በርበሬው ከአፍንጫቸው እንወጣለን።»

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ማንም መተኛት አይችልም። ውጭ የአዳማ ነፋስ አሸዋውን ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። እኔ ያን ሰዓት በወሬ አገር አዞራቸው ነበር። ረቡዕ ዕለት ካቦው «እስኪ ኦቦ ሾፌር፣ ዛሬም ይጫኑን» አለኝ። የስኮርታን ነገር አወራኋቸው።

ስኮርታ መጠባበቂያ ጎማ ነው። በበረሃው መንገድ መኪናው የተሰበረበትን ሾፌር አልፎ መሄድ ነውር ነው። «ዕቃ ይዤልህ እመለሳለሁ» ብሎ መሄድም አይበቃም። ሁሉም እንደዚያ ይላል። ከተማ ሲገባ ቀዝቃዛ ነገር ይጠጣል፤ ገላውን ይታጠባል፤ ይተኛል፤ ይረሳል። ስለዚህ የሚሄደው ሾፌር ስኮርታውን አውርዶ ለቆመው ሰው ይተውለታል። ያለ ስኮርታ የሚነዳን ሰው እያንዳንዷ ጠጠር ታስፈራዋለች። ቢተኛም ይባንናል። የቆመውም ሰው ያንን ጎማ፣ ልኩ ቢሆን እንኳ፣ አይገጥመውም። አደራ ነው፤ አጠገቡ አድርጎ ይጠብቃል።

«እኔ ራሴ» አልኳቸው፣ «ባሌስትራ፣ የመኪናው ሞላ፣ ተሰብሮብኝ ከድንበሩ ወዲያ ቆሜ ነበር። የጅቡቲ ሾፌር አቆመ። የሱን ቋንቋ አላውቅም፣ የኔን አያውቅም። ስብራቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ስኮርታውን አንከባሎ እግሬ ሥር ጣለና ሄደ። በማግስቱ ባሌስትራ ይዞ መጣ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

«መታወቂያውን አይተውለታል?» አለ ካቦው።

«ጎማውን አየሁለት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አሰብ ብቻ አልሳቀም። «አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ያወራ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐሙስ ጠዋት ስሜ ተጠራ። «ዕቃህን ይዘህ» ተባለ፤ ያ ማለት መፈታት ነው። ሰዉ ተነሥቶ «ዳግም አይመልስዎ» እያለ ጨበጠኝ። አሰብም ተነሣ። «በሰላም ይግቡ፣ ጋሼ። ባለቤትዎን እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ፤ ሽሮዋን አልረሳውም» አለ። ስለ መቂ አንድም ቃል አላነሣም። ሌሎቹን ለምኗቸው ነበር። እኔን አልለመነኝም። ያ ነው የከበደኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ተመለስኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፖሊሱ «አባባ፣ ሐሳብዎን ቀየሩ እንዴ?» አለኝ።

«መጣሁ፣ ልጄ።»

የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። ጉልበቴ እሺ ስለማይለኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ቡናማ ነው፤ ሶሉ ብዙ ጊዜ የተቀየረ አሮጌ ጫማ። ሁለቱን አጋጥሜ አሰብ ጉልበት ፊት አስቀመጥኳቸው።

«ስኮርታ ነው» አልኩት።

ጫማውን አየ፤ እግሬን አየ። «ጋሼ፣ ውጭው እኮ ይፋጃል።»

«ይፋጅ እንጂ። ታዲያ ለምን የተውኩት ይመስልሃል?»

ከኋላ ካቦው አስነጠሰ። «በርበሬው ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቢሮ አስገቡኝና አዛዡ መከረኝ። ስለ ድንበር ማውራት እንድተው፣ እዚህ ካየኋቸው ሰዎችም ጋር እንዳልገናኝ፣ ሁለተኛ ከመጣሁ ሽምግልናዬ እንደማይታይልኝ። ከዚያ ወደ ታች አየ። «ጫማዎ የታለ?»

«ውስጥ ነው።»

«ላስመጣልዎት?»

«አይ፣ ይቆይ። እመለስበታለሁ።»

የጃጀሁ መሰለው። ለፖሊሱ በዓይኑ ምልክት ሰጠውና አስወጡኝ።

ሚስቴ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከዘበኛው ጋር እየተከራከረች ነበር። ስታየኝ አላለቀሰችም። እግሬን አየች።

«ጫማህስ?»

«ስኮርታ ትቼ መጣሁ።»

እሷ ዕድሜዋን የሾፌር ሚስት ነበረች። ማን ነው፣ ለምን ነው አላለችም። «ሰውየው የት ነው የቆመው?» አለችኝ።

«ቤቱ መቂ ነው።»

«ሽሮ የሚበላው?»

«እሱ።»

ምሳ ዕቃውን ሰጠችኝ። «እንግዲያ መኪና ውስጥ ብላው። ነጠላ ጫማ ከዚህ ሱቅ ልግዛልህ?»

«አትግዢ። ከተመቸኝ ለነገ ብዬ አድራለሁ።»

የመናኸሪያው አስፋልት እንደ ምጣድ ነበር፤ ቆሜ መጠበቅ ስላልቻልኩ አንዱን እግር አንሥቼ አንዱን እጥል ነበር። የሚኒባሱ ረዳት አየኝና «አባባ፣ ስለት ነው?» አለ።

«እንደሱ በለው።»

«እንግዲያ ለኔም ይጸልዩልኝ» ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። ሞጆ ወርጄ ሌላ ተሳፈርኩ። መቂ ስደርስ እግሬ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ሽንኩርት ተራ «አሰብ የሚባል» ስል ጫኞቹ ተያዩና ወደ ሸክማቸው ተመለሱ። የመንግሥት ሰው መስያቸዋለሁ። አንዱ እግሬን አየና፣ ባዶ እግሩን የመጣ ሰላይ አይኖርም ብሎ ይሆናል፣ ቲማቲም ወደምትለቅም አንዲት ሴት ወሰደኝ። «ባልሽ በሕይወት አለ። አዳማ ታስሮ ነው» አልኳት። የያዘችውን ሳጥን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ይበላል?» አለችኝ መጀመሪያ።

«ከኔ ጋር ሲበላ ነበር። አሁን ግን ጊዜ የለም፤ እሑድ አውቶቡስ ይመጣል።»

ወደ ዕድሩ ሊቀ መንበር ሄድን። በአካባቢው የሚያርስ ኦሮሞ ሽማግሌ ነው። «ነጉማ?» ብሎ በሰላምታ ተቀብሎ ለእግሬ ውሃ አስመጣ፤ እሱ የምለውን እየሰማ እግሬን ነከርኩ። ሌሎቹም ተጠሩ። አንድ ደላላ «አባባ፣ እኛስ ብንሄድ እኛንም እዚያው ቢያስገቡን?» አለ። የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔም ፈርቼ ነበር።

«እናቱን የቀበርናት እኛ ነን» አለ ሊቀ መንበሩ። «አልጋዋን ተሸክመን ስናወጣ የየት አገር ሰው ነሽ ብለን ጠይቀናታል?»

ደላላው አንገቱን ደፋ። «ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዳማ የሚሄድ ጭነት አለኝ» አለ። «ከላይ መቀመጥ ከቻላችሁ።»

ቅዳሜ እስላሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ ከአሰብ ሚስት ጋር ሽንኩርት ላይ ተቀምጦ አዳማ ገባ። እኔ ቀድሜ ወደ ቤቴ ተመልሼ ነበር፤ በሩ ላይ አገኙኝ። አዛዡ ወጣ።

«ይህ ሰው የማን ነው ትላላችሁ?»

«የኛ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ወረቀት አለው?»

«ወረቀት የለውም። ጎረቤት አለው።»

አዛዡ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ከኋላ እኔን አገኘኝ። ፊቱ ተለወጠ። «እርስዎ ደግሞ! ምን ብዬዎት ነበር?»

«ጫማዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩ።

እግሬን አየ። የፈነዳውን ውሃ ቋጠሮ፣ የደረቀውን። ለረጅም ጊዜ አየና ገባ። ፀሐይ ላይ ቆየን። አንዳንዱ ተቀመጠ። ደላላው ሽንኩርቱ እንዳይበላሽበት ይጨነቃል፤ ግን አልሄደም።

በሩ ሲከፈት አሰብ ብቻውን ወጣ። ባዶ እግሩን ነው። ነጠላ ጫማው ውስጥ ተበጥሶበታል። የኔን ጫማ በጃኬቱ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ሚስቱ ጋ ከመድረሱ በፊት መጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ቀይ የበርበሬ አቧራ ጠጥቷል፤ ሳነሣው አስነጠስኩ።

«ይማርዎ፣ ጋሼ።»

«ያኑርህ። ለምን አላደረግኸውም? እግርህን ተመልከተው።»

«አይገጠምም ብለውናል እኮ።»

ይህ ከሆነ ቆየ። አሰብ የተለቀቀው በሽማግሌዎቹ ዋስትና ነው፤ በየጊዜው እየቀረበ አለሁ ይላል። መታወቂያ አሁንም የለውም። ከመቂ አዳማ ሲመጣ ፍተሻ በሌለበት ቀን መርጦ ነው። የአባቱን መቃብር ማየት ይፈልጋል፤ መንገዱ ግን አንድ ጊዜ ተከፈተ ይባላል፣ አንድ ጊዜ ተዘጋ ይባላል። በሬዲዮ መሪዎች ተሰብስበው ስለ ጎረቤት አገሮች አንድነት፣ ስለ ሰው መዘዋወር ሲያወሩ እሰማለሁ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ካልኩት ብዙም አይርቅም፤ ቃሉ ብቻ ያምራል። ደግ ነው፤ ይሁን እላለሁ።

በየበዓሉ፣ በሱም በኛም፣ ይመጣል። ሽንኩርት ይዞ ይመጣል፤ ሽሮ በልቶ ይሄዳል። የመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ ካፖርቱን ሚስማሩ ላይ ትቶት ሄደ። ሚስቴ ረሳው ብላ እየጠራች እስከ አስፋልቱ ሮጠች። ዞሮ በእጁ ሰላም አላትና ሚኒባሱ ላይ ወጣ። በሚቀጥለው ሲመጣ ለብሶት ሄደ፤ ባርኔጣውን ተወ። አሁን ለምደነዋል።

በዚህ ጊዜ የቀረው ካፖርቱ ነው። ትናንት መቂ በኩል ዘንቦ ነበር አሉ። ሚስቴ ወደ ሚስማሩ ቀና ብላ አየችና፣

«በዚህ ሳምንት ይመጣል» አለች።